ሠራ፣ አልቻለም

እኔ ጥሩአየሁ እባላለሁ። ኢሉባቦር፣ መቱ ላይ ካርድ ክፍል ስሠራ ነው ያረጀሁት። ይህን የምለው ማንም እንዲያዝንልኝ አይደለም፤ ወድጄው ነው ያረጀሁበት። አሁን ጡረታ ወጥቼ ቤት ተቀምጫለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር እጄ ሳላስበው ካርድ ይፈልጋል። ሥራው ይናፍቀኛል፣ አልዋሽም። ከሥራው ይልቅ ግን የምትናፍቀኝ ገለኔ ናት። እስቲ ስለ እሷ ላውራችሁ፤ እኔ ካላወራሁላት ማንም አያወራላትም።

የእኛ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ያን ጊዜ አንድ ጠባብ ቤት ነበር። እስከ ኮርኒሱ ድረስ የእንጨት መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ የወረቀት ካርድ፣ ካርዱ ላይ የእኔ እጅ ጽሑፍ። ክረምት ሲገባ ወረቀቱ እርጥበት ይጠጣና ያብጣል፤ አንዱን ለመሳብ ጎረቤቶቹን ሁሉ ማውጣት ነው። በገበያ ቀን ደግሞ ከቡሬ የሚመጣው አውቶቡስና ከያዮ የሚመጣው ሚኒባስ ሰዉን ባንድ ጊዜ ያራግፈዋል። አንድ ሰው ይታመማል፣ ሰፈሩ በሙሉ ተከትሎት ይመጣል። በሽተኛው ዝም ይላል፣ የሚያወራው አጃቢው ነው፤ አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ ሁለቱንም ቀላቅሎ። እኔ ደግሞ በመስኮቱ አንገቴን አውጥቼ ስም እየጠራሁ እጮሃለሁ። አቤት ያ ጫጫታ! ስድብም ነበረው፣ ምርቃትም ነበረው። ዛሬ ያ መስኮት መስታወት ገብቶለት ጸጥ ብሏል። ሰው ሁሉ «እንዴት አማረበት!» ይላል። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ያ ስድብ እንኳ ያምረኛል።

ገለኔ የቡሬ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲው በተከፈተ ሰሞን መቱ መጥታ ኮምፒውተር ተማረችና እዚሁ ቀረች። ያስቀራት ሁንዴሳ ነው፤ በያዮ መንገድ ሚኒባስ የሚነዳ፣ ሲስቅ ከአጥር ማዶ የሚሰማ ልጅ። ተጋብተው ከእኔ ጋር አጥር ለአጥር ገቡ። አብረዋቸው የሚኖሩት የሁንዴሳ አባት ኦቦ ዋቁማ ናቸው። ኦቦ ዋቁማ ዕድሜ ልካቸውን ያዮ ጫካ ውስጥ ቀፎ ሰቅለው ማር ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ሲሞቱባቸው ልጃቸው ለምኖ፣ ተቆጥቶ፣ እንደገና ለምኖ መቱ አመጣቸው። እዚህ ምን ቀፎ አለ? ጠዋት ጠዋት ጓሮ ወጥተው የእኔን ዋንዛ ቀና ብለው ያዩታል። «ቀፎ ይሸከማል» ይሉኛል። «ይሸከም እንጂ ንቡ እኔን ነው የሚነድፈው» እላቸዋለሁ።

እኚህ ሰውዬና ገለኔ የሚዋደዱትን መዋደድ እኔ በሌላ ቤት አላየሁም። እሷ ከውጭ ካልገባች እህል አይቀምሱም። በር ላይ በርጩማ ያወጣሉ፣ ይጠብቋታል። ስትመጣ ቦርሳዋን ተቀብለው ይዘውላት ይገባሉ፤ አማት ናቸው እኮ! ሁንዴሳ «እኔ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠፋኝ» እያለ ይቀልዳል። እሷም «አባኮ፣ አባኮ» ስትላቸው ትውላለች፤ አባቴ ማለቷ ነው። ስማቸውን ግን አትጠራም።

ኦሮሞዎች ለጉ ይሉታል። ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፣ ነውር ነው። ስሙን ብቻ አይደለም፤ ስሙን የሚመስል ቃልም ከአፏ አይወጣም፣ ዞራ ሌላ ቃል ትፈልጋለች። የከተማው ልጅ ዛሬ ይህን እርግፍ አድርጎ ትቶታል። ገለኔ ግን እናቷ ጓዳ ያየችውን ይዛ ነው የመጣችው። እኔ ይህን ያወቅኩት ቆይቼ ነው፤ ያወቅኩበትም መንገድ ያስቃል። ስንጫወት ሁሉን ነገር በኦሮምኛ ታወራኛለች፣ እኔም በኦሮምኛ እመልሳለሁ። አምላክን መጥራት ሲመጣ ግን ዘወር ትልና «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ «እግዚአብሔር ያውቃል» በአማርኛ ነው። ማታ ስትጸልይም በአጥሩ በኩል እሰማታለሁ፣ በአማርኛ። እኔ ሞኟ «ጸሎቱስ በእኛ ቋንቋ ጣማት!» ብዬ እኮራ ነበር። አንድ ቀን ዝናብ መጣብን ብለን የተሰጣ ልብስ እየሰበሰብን ጠየቅኳት።

«ገለኔ፣ ሁሉን በኦሮምኛ ስትይ ቆይተሽ አምላክ ላይ ስትደርሺ ለምንድን ነው አማርኛ የምትሆኚው?»

ሳቀች። በራቸውን አየት አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እትዬ፣ የአባኮን ስም አያውቁትም እንዴ?»

ያን ጊዜ ነው የበራልኝ። በኦሮምኛ አምላክ ዋቀዮ ነዋ! ከዋቁማ ጋር አጀማመሩ አንድ ነው። የእሳቸውን ስም ላለመጥራት የፈጣሪዋን ስም በገዛ ቋንቋዋ ትታው ነው የኖረችው። አፌን በእጄ ያዝኩ።

«ወይ ጉድ! አንቺ ኮምፒውተር የተማርሽ ልጅ?»

«ኮምፒውተሩን የተማረው ጭንቅላቴ ነው እትዬ። አፌ የእናቴ ነው» አለችኝ።

ከዚያ ያ ፕሮግራም መጣ። አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት የእኔን ካርዶች በኮምፒውተር ሊተካ ነው ተባለ። መጀመሪያ እኛ ጋ ይሞከራል፣ ከሆነ ደግሞ ለቡሬም፣ ለያዮም፣ ለሌሎቹም የኢሉባቦር ከተሞች ይሄዳል። ኃላፊው ዲበኩሉ የሚባል ቀጭን፣ ሥራ ወዳድ፣ ሳያቋርጥ የሚናገር ሰው ነበር። መስኮቱ ላይ ጣቷ እንደ ጸሎተኛ ከንፈር የሚፈጥን ህሊና የምትባል ወጣት ጸሐፊ ተቀመጠች። ገለኔ ደግሞ በኮንትራት ተቀጠረች፤ ምን ሆና? ፈታሽ። እኔማ በር ላይ ቆማ ሴት የምትዳብስ መስሎኝ «ለዚህ ነው እንዴ የተማርሽው!» ብዬ ልቤ ቅጥል አለ።

«የሶፍትዌር ፈታሽ ነኝ» አለች እየሳቀች። «አዲስ አበባ የተቀመጠ ሌላ ፈታሽ አለ። መዝግብ ሲሉት ይመዘግባል ወይ፣ ፈልግ ሲሉት ያገኛል ወይ ብሎ የሚያየው እሱ ነው። እሱ ይሠራል ወይ ነው የሚለው። እኔ ይችላል ወይ ነው የምለው።»

«ምን ልዩነት አለው?»

«እርስዎ ካርድ ያወጣሉ አይደል? እሱ መሥራት ነው። መብራት ጠፍቶ፣ የገበያ ቀን ሰው እየጮኸብዎት፣ ራስዎን እያመመዎት ማውጣትስ? እሱ መቻል ነው። ጓደኛዬ የመጀመሪያውን አይቶ ጨርሷል። ለእኔ ሁለተኛው ቀርቶኛል።»

ያቺ ቃል አፏ ላይ ቀረች፤ መቻል። በኦሮምኛም ደንደኡ ሲሉ ሁለቱንም ነው፤ ማድረግ መቻልም፣ ክፉ ቀን መቻልም። ፈረንጆቹ ለየብቻ ቃል አላቸው፣ እኛ ባንድ ቃል ነው የጨረስነው እያለች ትስቃለች።

እንዴት እንደምትፈትነው ብታዩ ሆዳችሁን ይዛችሁ ትስቁ ነበር። ህሊና ምዝገባ መሃል ላይ ሆና እየጻፈች ገለኔ ከኋላ መጥታ ሶኬቱን ንቅል! ህሊና ትጮሃለች። መብራቱ ሲመለስ ገለኔ ጎንበስ ብላ የተጻፈው አለ ወይ የለም ብላ ታያለች። የጠፋ ቀን ኩም ትላለች፣ ዲበኩሉ አዲስ አበባ ይደውላል፣ ይስተካከላል፣ ሶኬቱ እንደገና ይነቀላል። ሌላ ቀን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጎትታ አምጥታ «ሦስት ስል ሁላችሁም ባንዴ ንኩ!» ትላለች፤ ኮምፒውተሩ ስታክ አድርጎ ቀጥ። ሌላ ቀን ደግሞ ዘበኛችንን ጋሼ ጎንፋን መነጽራቸውን አስወልቃ ኮምፒውተሩ ፊት ታስቀምጣቸዋለች። «ምን ይታይዎታል?» «ጉም» ይላሉ። «ፊደሉ ይተልቅ» ብላ ትጽፋለች። ዲበኩሉ መጀመሪያ ይበሳጭ ነበር። ኋላ ኋላ ግን እሷ ሶኬት ልትነቅል ስትነሳ እሱ ራሱ ህሊናን ወሬ ይይዝላት ጀመር።

ማታ እራት ላይ ይህን ሁሉ ለኦቦ ዋቁማ ትነግራቸዋለች። እሳቸውም ኮምፒውተር በእጃቸው ነክተው ባያውቁም ይገባቸዋል። «እኔም ቀፎ የማየው ነፋስ ባለበት ቀን ነው» አሏት አሉ። «ጸጥ ባለ ቀን ሁሉም ቀፎ ጥሩ ነው።» ይህን ሰምታ ለዲበኩሉ ነገረችው፣ እሱም ወደደው፤ ዋናው ሙከራ በገበያ ቀን ይሁን የተባለው ከዚያ ወዲህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ራሷ አየች። በሽተኛው ተራ ሲጠብቅ በመስኮቱ አሻግሮ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ያነባል። የአንዲት ልጅ በሽታ እንዲህ ተነቦ ከተማው ሲያወራው ሰነበተ። ገለኔ እሳት ጎረሰች። «የሰው ገመና ነው! ጸሐፊዋ እጇን ካነሳች ገጹ ወዲያው ራሱን ይዝጋ» አለች። ተደረገላት። ትንሽ ዝም ካልሽ ድርግም፤ እንደገና ከመጀመሪያው። ዲበኩሉ ለአለቆቹ ሲያወራ ይህቺን ነበር የሚያስቀድማት። እሷም ደስ ብሏት ነበር።

ያ ሙከራ ለሌላው ሰው ሥራ ነበር፤ ለገለኔ ግን ቤቷ ነበር። ፕሮግራሙ ካለፈ ድርጅቱ መቱ ላይ ቢሮ ይከፍታል፣ እሷ ቋሚ ትሆናለች፣ ከዚህ ሆና ኢሉባቦርን በሙሉ ትቆጣጠራለች። ካላለፈ ሥራው ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል፣ ኮንትራቷም እዚያው ላይ ያልቃል። በዚያ ሙያ ሌላ ሥራ መቱ ላይ የለም፤ ፈልጋ ፈልጋ ደክሟታል። ሥራ ካማራት አዲስ አበባ መሄድ ነው። ኦቦ ዋቁማን ደግሞ በዚያ ዓመት ደረታቸውን ይዟቸው ነበር፤ ብርድ ሲሆን ትንፋሽ ያጥራቸዋል። «እትዬ፣ አባኮን እንዲህ ሆነው ትቼ የት ነው የምሄደው?» ትለኝ ነበር። «ያልፋል፣ አታስቢ» እላታለሁ። እኔም ለራሴ ብዬ ነው፤ ያንን አጥር ባዶ ማየት አልፈለግኩም።

የሙከራው ቀን ደረሰ። ገበያ ነው፣ ሰው እንደ ጉድ ፈስሷል፣ ከረፋዱ ጀምሮ ዝናቡ ይወርደዋል። ለሙከራው ተብሎ ደንብ ወጥቷል፤ ከኮምፒውተሩ ቁጥር ያልወጣለት ሰው ወደ ውስጥ አይገባም። ወረቀት የሚባል የለም። እኔን ኋላ ክፍል ከድሮዎቹ ካርዶች ጋር አስቀመጡኝ። በልቤ «እስቲ እናያለን» ብዬ ነበር፤ ግን ምን ልበላችሁ፣ ኮምፒውተሩ ሠራ! መብራት ሄደ፣ ጄኔሬተር ተነሳ፣ አንድ ስም አልጠፋም። ኔትወርክ ሄዶ መጣ፣ ምንም። የቡሬው አውቶቡስና የያዮው ሚኒባስ አብረው ደረሱ፣ ኮምፒውተሩ ፍንክች አላለም። ዲበኩሉ ጉንጩ ላይ ሳቅ ይዞ የርክክቡን ወረቀት አወጣ። የገለኔ ፊርማ ብቻ ነበር የቀረው።

ቀጥሎ የሆነውን ያየሁት እኔ አይደለሁም፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ እያጓራ ከኋላ ክፍል ምን ይሰማል? ህሊና ናት ኋላ የነገረችኝ። አንዲት ባጃጅ ግቢ ውስጥ ገባች። ጎረቤት ኦቦ ዋቁማን ጭኖ ላካቸው። ትንፋሻቸው ተቆርጦ ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ መናገር የለም። ሁንዴሳ ያዮ መንገድ ላይ ነው። ገለኔ እስክሪብቶዋን ጥላ እየሮጠች ወጣች፣ ደግፋ አመጣቻቸው፣ ሰዉም መንገድ ለቀቀላት። የድርጅቱ ፈታሽ መሆኗ ቀርቶ አባቷ የታመመባት ሴት ሆና መስኮቱ ጋ ቆመች።

«ስም?» አለች ህሊና።

ገለኔ ዝም።

«ገለኔ፣ ስማቸውን ንገሪኝ እንጂ!»

«አባ ሁንዴሳ» አለች። የሁንዴሳ አባት ማለት ነው፤ ሰፈሩም የሚያውቃቸው በዚሁ ነው። ህሊና ጻፈች። ኮምፒውተሩ አልተገኘም አለ። «አዲስ ልመዝግባቸው፣ ሙሉ ስም?» ገለኔ አፏን ከፈተች፣ ድምፅ የለም። እዚያ ላይ ገጹ ድርግም። ህሊና እንደገና ከፈተች፣ «ስም?»፣ እንደገና ዝም፣ እንደገና ድርግም። ያን የሚዘጋ ገጽ ያመጣችው ራሷ ገለኔ ናት! ህሊና «ምን ነካሽ?» ብላ ጮኸችባት። ከኋላ የቆሙ አንዲት የቡሬ እናት ገብቷቸው «ምራት ናት! ምራት ናት!» ይላሉ በኦሮምኛ፤ ህሊና ደግሞ ያን ጊዜ ኦሮምኛ አታውቅም። ጋሼ ጎንፋም የሚያውቁት አባ ሁንዴሳን ብቻ ነው። ሽማግሌው የገለኔ ትከሻ ላይ ተደፍተው ያቃስታሉ። ጋሼ ጎንፋ ናቸው በመጨረሻ ኋላ ክፍል ሮጠው መጥተው እጄን የጎተቱኝ።

ደርሼ አየኋት። ፊቷ አመድ ሆኗል። ያን ፊት እስክሞት አልረሳውም።

«ዋቁማ! ዋቁማ ሂካ!» ብዬ ጮኽኩ። «ጻፊ አንቺ! ምን ታዪኛለሽ!»

ቁጥሩ ወጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ኦክስጅን ተደረገላቸው። እግዜር ይመስገን፣ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠው ሾርባ ጠጡ። ምንም አልሆኑም። ይህንን ቀድሜ የምነግራችሁ እኔ በዚያች ሰዓት የተጨነቅኩትን እናንተም እንዳትጨነቁ ነው።

ዝናቡ ሲያባራ ዲበኩሉ ወረቀቱን ይዞ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሽማግሌውን ጠይቆ፣ እግዚአብሔር ይማርዎት ብሎ ነው የመጣው። «ገለኔ፣ በጣም አዝናለሁ። ግን ይሄ የፕሮግራሙ ጥፋት አይደለም። ስም ጠየቀ፣ መጠየቅ አለበት። ገጹን ዘጋ፣ እንዲዘጋ ያዘዝሽው አንቺ ነሽ። የባህል ጉዳይ ነው፣ የሶፍትዌር አይደለም» አላት።

«ፕሮግራሙ የመጣው ለማን ነው ታዲያ?» አለችው።

«ስልክሽ ላይ ጽፈሽ ብታሳያት ምን ነበር?»

«አላሰብኩትም። ትከሻዬ ላይ ሰው እያቃሰተ ማን ያስባል? እሺ፣ እኔ መጻፍ እችላለሁ። መጻፍ የማትችለዋ ምን ታድርግ? ኢሉባቦር ውስጥ ስንት ምራት አማቷን ደግፋ እዚህ መስኮት ጋ እንደምትቆም ታውቃለህ?»

ዲበኩሉ ወረቀቱን አገላበጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ካልፈረምሽ እኮ ቢሮው አይከፈትም። ሥራው ይመለሳል። ታውቂያለሽ አይደል?» አላት።

«አውቃለሁ።»

እስክሪብቶውን ተቀበለችው። «አልፏል» የሚለውን ሰረዘች። ከሥሩ የጻፈችውን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። «ሠራ፣ አልቻለም።»

እኔ በንዴት ጦፍኩ! ቤቷ ድረስ ተከትያት ሄጄ ወረድኩባት። «አንቺ እብድ! ፈርመሽ ዝም ብትይ ምን ነበር? እኔ አለሁ፣ ስም እጠራ የለ! እኚህን ሽማግሌ ለማን ጥለሽ ልትሄጂ ነው?»

እያለቀሰች ነበር። «ሁልጊዜ ሊኖሩ ነው እንዴ እትዬ? ጡረታዎ ደረሰ። ቡሬስ ማን አለ? ያዮስ? የሰው ገመና ልሸፍን ብዬ በር የዘጋሁት እኔ ነኝ። ዛሬ አባኮ ላይ ተዘጋ። ነገ የማን አባት ላይ ይዘጋ?»

ከጎኗ ተቀመጥኩና አብሬያት አለቀስኩ።

ኮንትራቷ አለቀ። ድርጅቱ ግን አልናቃትም፤ አዲስ አበባ መጥተሽ ራስሽ አስተካክዪው አሏት። ሁንዴሳ አባቱን ይዞ ሊቀር፣ እሷ ልትሄድ ተወሰነ። ከመሄዷ በፊት አንድ ቀን ኦቦ ዋቁማ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። «አንቺ ጥሩአየሁ፣ ልጄ ለምን ነው የምትሄደው? ሁሉም ይሸፋፍንብኛል» አሉኝ። እኔ ደግሞ መሸፈን አልችልበትም። የመስኮቱን ነገር ነገርኳቸው፤ ሳላስበው የጸሎቱንም ነገርኳቸው። በአማርኛ የምትጸልየው በእሳቸው ስም ምክንያት መሆኑን አያውቁም ነበር። ዋንዛውን እያዩ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ከዘራቸውን አንስተው ገቡ።

የሄደች ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሸኘናት። ሁንዴሳ ሻንጣዋን ሲጭን ኦቦ ዋቁማ ከዘራቸውን ተደግፈው ፊቷ ቆሙ።

«ልጄ፣ ፈቅጄልሻለሁ» አሏት በኦሮምኛ። «ከዛሬ ጀምሮ ስሜን ጥሪው። እኔ ማር ቆራጭ ነኝ። የፈጣሪሽን ስም ነጥቄሽ የምኖር ማን ነኝ? በእናትሽ ቋንቋ ጸልዪ።»

አፏን ከፈተች። ሁላችንም ጠበቅን፤ ረዳቱ «ሞላ! ሞላ!» እያለ ይጮሃል። እንባዋ ወረደ እንጂ ቃሉ አልወጣም። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። «አልቻልኩም አባኮ» አለች።

«ግድ የለም» አሉ ራሷን እየዳሰሱ። «ሲቻልሽ። እኔ አልቸኩልም።»

አውቶቡሱ ሄደ። ኦቦ ዋቁማ ከዚያ በኋላም ማታ ማታ በርጩማቸውን በር ላይ ያወጡ ነበር። እኔ ሄጄ ከጎናቸው እቀመጣለሁ። «ዛሬ አትመጣም» እላቸዋለሁ። «አውቃለሁ» ይላሉ፣ ግን አይገቡም። በሁለተኛው ክረምት አረፉ። ገለኔ ለቀብር መጣች። ለቅሶው ላይ ዘመዱ ሁሉ «ዋቁማ! ዋቁማ!» እያለ ስማቸውን እየጠራ ያለቅሳል፤ እሷ ደረቷን እየመታች «አባኮ! አባኮ!» ብቻ። ሬሳቸው ፊት እንኳ አልቻለችም። ከአርባው በኋላ ሁንዴሳም ተከትሏት ሄደ። ቤታቸው ሌላ ሰው ተከራየው፤ ደጎች ናቸው፣ ግን ልብስ ስሰጣ ማንም በአጥሩ አይጠራኝም።

ሰሞኑን ደም ግፊቴን ልለካ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ተራዬን እየጠበቅኩ በመስታወቱ መስኮት ህሊናን አያታለሁ፤ እሷም ወፍራለች፣ መነጽር አድርጋለች። አንዲት ልጅ እግር ሴት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ደግፋ ቀረበች። ህሊና «ስም?» አለች። ሴትዮዋ መሬት መሬት አየች፣ ዝም። እኔ ጉልበቴ ራሱ አነሳኝ፤ የማውቀውን የሽማግሌ ስም ሁሉ ልቆጥርላት፣ አንዱ ላይ ራሷን እስክትነቀንቅ። ገና ሳልደርስ ህሊና ጎንበስ ብላ በዚያ በተሰባበረ ኦሮምኛዋ «ለጉ ነው?» አለቻት። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። ህሊና አንድ ነገር ነካች። ሰፈራቸውን ጠየቀቻት፣ ቀጥላ በማን አባትነት እንደሚጠሩ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ቀስ ብላ፣ እየተንተባተበች መለሰች። እኔ ዓይኔን ከኮምፒውተሩ አልነቀልኩም፣ አሁን ይዘጋል፣ አሁን ይዘጋል እያልኩ። አልተዘጋም። ጽሑፉ ላይ መጋረጃ ነገር ጣለበት እንጂ ገጹ እንደተከፈተ ቆየ። ቁጥር ወጣ። «ስማቸው ኋላ ይሞላል፣ ግቡ» አለቻቸው ህሊና። ሽማግሌው ገቡ።

«ይሄ መቼ መጣ?» አልኳት በመስታወቱ ቀዳዳ።

«በዚህ ወር ነው የገባው፣ እትዬ። ለቡሬም ለያዮም ተሰጥቷል። ገለኔ እኮ ናት የሠራችው፣ አልነገረችዎትም?»

ደም ግፊቴን ረስቼ ግቢ ወጣሁና ደወልኩላት።

«ገለኔ፣ ቻለ!»

«ምኑ እትዬ?»

ነገርኳት። ምራቲቱን፣ ጋቢ የለበሱትን ሽማግሌ፣ ሳይዘጋ የቆየውን ገጽ፣ ሁሉን ነገርኳት። ስጨርስ ዝም አለች። ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ? ሃሎ?» አልኩ። ከወዲያ ትንፋሿ ይሰማል። ጠበቅኳት።

«ዋቀዮ» አለች።

ጆሮዬን አላመንኩም። ያን ሁሉ ዘመን በአጥር ስሰማት ይህን ቃል ከአፏ አልሰማሁትም።

«ዋቀዮ፣ አባኮን… ዋቁማን ስለሰጠኸኝ አመሰግንሃለሁ» አለች በኦሮምኛ፣ እያንዳንዱን ቃል እየለየች፣ ድምጿ እየተሰበረ።

እዚያው ግቢው መሃል ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሰዉ ያየኛል፣ ይየኝ።

«ቻልሽ?» አልኳት።

«ቻልኩ፣ እትዬ።»